ለደብረ ብርሃን ብርድ ወይስ ለሸዋ ሮቢት ሙቀት? የቤት ዓሣ፣ ገንዳና ማጣሪያ አመራረጥ

ደብረ ብርሃን ያለ ሰውና ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ከአንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ዓሣና አንድ ዓይነት ገንዳ ገዝተው ቢሄዱ፣ የአንደኛው ዓሣ ብዙ ሳይቆይ መታመሙ አይቀርም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ። ልዩነቱ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ከዐሥር ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫውን ከዓሣው መልክ ሳይሆን ከቤትዎ ሙቀት ይጀምሩ።

አንድ ባልዲ ውሃ ገንዳው በሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ቀን ያቆዩ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ይለኩ። የሰው ትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። የገንዳ ቴርሞሜትር ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ከዓሣው በፊት ይገዛ። ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈው ይያዙ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነሱ ላይ የቆመ ነው። መለኪያው ጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በክረምትም ሆነ በበልግ የተለካ ውሃ የውርጩን ሌሊት አይናገርም።

የትኛው ዓሣ?

የማለዳው ቁጥር ከ10 እስከ 18 ከሆነ (ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ጣርማ በር አካባቢ) ያለ ማሞቂያ የሚኖረው ጎልድፊሽ ነው። ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከዚያ በታችም ቀስ ብሎ እስከቀዘቀዘ ድረስ አይሞትም። ውሃው ከ12 ዲግሪ ሲወርድ ግን ምግብ መፍጨቱ ስለሚቀንስ በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ ይበቃዋል፤ ከ10 በታች ጨርሶ ባይመገብ ይሻላል።

ጎልድፊሽ ሲሸጥ የጣት ግማሽ ስለሚያክል ብዙ ሰው ይሸወዳል። ነጠላ ጭራ ያለው ቀጭኑ ዓይነት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ እሱ የግቢ ኩሬ እንጂ የሳሎን ዓሣ አይደለም። ለቤት የሚሆነው ሁለት ጭራ ያለው፣ ሆዱ ክብ የሆነው ነው። እሱም ቢሆን ለሁለት 100 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል።

የማለዳው ቁጥር ከ22 በላይ ከሆነ (ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ) ጋፒና ሞሊ የተባሉት ዓሦች ያለ ማሞቂያ ይኖራሉ። ጋፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ፣ ጠንከር ያለ (ማዕድን የበዛበት) ውሃ ይወዳል። 60 ሊትር ላይ በስድስት መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን ወንድና ሴት አብረው ከገቡ በየወሩ ገደማ በደርዘን የሚቆጠር ጫጩት ይመጣልና ወንድ ብቻ መግዛት ሰላም ነው። ወንዱ ትንሽና ባለ ቀለም፣ ጭራው ሰፊ ነው። ጎልድፊሽ ግን ለቆላ አይመከርም። በግንቦትና በሰኔ ውሃው 29 እና 30 ሲደርስ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ማለክለክ ይጀምራል።

በሁለቱ መካከል ያለ፣ ለምሳሌ ዓለም ከተማ፣ ሁለቱንም መምረጥ ይችላል፤ ጋፒ ከሆነ ለብርዱ ወራት ትንሽ ማሞቂያ ይጨመርበታል።

ቤታ የተባለው ዓሣ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከውሃው ወለል አየር እየሳበ መተንፈስ ስለሚችል «በብርጭቆ ይኖራል» ተብሎ ይሸጣል። መተንፈሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የሚስበው አየርም ሞቅ ያለ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ማሞቂያና ያለ ክዳን የተቀመጠ ቤታ ክንፉን አጥፎ ታች ይተኛል፤ ብዙም አይቆይ። ከማሞቂያ ጋር ግን 20 ሊትር ለአንዱ ይበቃል፤ ቦታ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚመረጠውም እሱ ነው።

ከወንዝ ወይም ከሐይቅ በሕይወት የተያዘ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስብም አለ። ሊበላ እንጂ ሊታይ የሚገዛ ዓሣ ስላልሆነ አንመክርም፤ ያድጋል፣ ሌላውን ይበላል፣ በደጋ ብርድ ደግሞ መብላት ያቆማል።

ደጋ ላይ ማሞቅ ወይስ አለማሞቅ?

ይህ ዋናው ውሳኔ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይባስ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ 6 እንኳ አይሞላም። ውሃው 15 ዲግሪ ላይ ቢተው 7 አካባቢ ይይዛል። ዓሣ ከ5 በታች ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል። እንግዲህ ደጋ ላይ ገንዳ የሚያሞቅ ሰው ከጭንቀቱ አንድ ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ስለዚህ የአየር ፓምፕ ግዴታው ነው፣ የዓሣውም ቁጥር ቆላ ላይ ከሚቀመጠው በሲሶ ማነስ አለበት።

ሁለተኛው ወጪ መብራት ነው። ክፍሉ ሌሊት 12 ዲግሪ ሆኖ ውሃውን 24 ላይ ለማቆየት በሊትር 2 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ለ60 ሊትር 120 ዋት ማለት ነው፤ ግማሹን ሰዓት ብቻ ቢሠራ በወር ከ40 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ከካርድዎ ይቆጥራል። ወጪውን የሚቀንሰው ክዳንና መሸፈኛ ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ልክ ቆርጠው ከኋላ፣ ከጎንና ከሥር ያድርጉ፤ ፊቱ ብቻ ይታይ።

የሚያሞቁ ከሆነ አንድ ባለ 150 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 75 ይግዙ። ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ሳያጠፋ ይቀራል፤ ባለ 150ው ብቻውን ዓሣውን ሊቀቅል ይችላል፣ ባለ 75ቱ ግን ገንዳውን ያን ያህል አያደርሰውም። አንዱ ጨርሶ ቢሞትም ሌላው እስኪደርሱ ያቆያል። ውሃ ከመቀየርዎ በፊት ነቅለው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ እየጋለ ከውሃ የወጣ ማሞቂያ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ከዚያ ላይ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ያልተሸፈነ 60 ሊትር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በመንዝ ባና ይጠቅልሉት፤ ከላይ ለአየር ክፍተት ይተዉ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆየ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ገንዳው ውስጥ ያንሳፉ። በየ20 ደቂቃው በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው ወደ ገንዳው መልሰው ማፍሰስ የአየር ፓምፑን ይተካል። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሠፈር ከሆኑ ግን ምርጫው ቀላል ነው፤ ጎልድፊሽ፣ ያለ ማሞቂያ።

ገንዳው

ክቡ የብርጭቆ ገንዳ ያምራል፣ ይረክሳል፣ ዓሣ ይገድላል። 5 ሊትር ውስጥ ያለ ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ 60 ሊትር ውስጥ ካለው 12 እጥፍ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር አብሮ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ማጣሪያ የሚቀመጥበት ቦታም የለውም።

ዝግጁ ገንዳ ከአዲስ አበባ ማምጣትና እዚያው ከተማ መስታወት ቤት ማሠራት ሁለቱም ያስኬዳሉ። ማሠራት ሲሆን፣ ለጎልድፊሽ ካልሆነ፣ 60 በ30 በ36 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ይዘዙ፤ 55 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። እንከኑ ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ሳይሆን ከሲሊኮኑ ይመጣል። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የተጨመረበት ሲሊኮን መርዙን ለወራት ይለቃል። ቱቦው ላይ ስለ ሻጋታ የሚያወራ ጽሑፍ ካለ ያ ሲሊኮን አይሁን። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ምንም ያልተጨመረበት ይፈለግ፤ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ አውጥተው ሞልተው 24 ሰዓት ይፈትኑት።

ሙሉ ገንዳ ከአሸዋው ጋር 80 ኪሎ ይጠጋል። የቴሌቪዥን ቡፌ ላይ አይጫን። ቀጥ ባለ የብረት ማቆሚያ ላይ፣ ከሥሩ ፎም ተደርጎ፣ ከመስኮት ፀሐይና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የአየር ፓምፑ የዕጣኑንና የከሰሉን ጭስ እየሳበ ውሃው ውስጥ ይከታልና።

ለመሬቱ ጥቁር የወንዝ ጠጠር ታጥቦ ይሆናል። ነጣ ያለ ድንጋይ፣ በተለይ ከጀማ ሸለቆ የመጣ ኖራ ድንጋይ ከሆነ፣ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ውሃውን ያጠነክራል። ጋፒ አይጎዳበትም።

ስፖንጅ ማጣሪያ ወይስ ባለ ሞተር?

ስፖንጅ ማጣሪያ ከ3 እስከ 5 ዋት በሚበላ የአየር ፓምፕ ይሠራል፤ ባለ ሞተሩ ማጣሪያ ውሃውን ይበልጥ ያጠራል፣ ድምፁም ያነሰ ነው። ዓይን የሚማረከው በሁለተኛው ነው። እኛ ግን ለሰሜን ሸዋ የምናስቀድመው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም የማጣሪያ ዋና ሥራ ቆሻሻ መያዝ ሳይሆን የዓሣውን መርዝ የሚለውጥ ባክቴሪያ ማኖር ነው። ባክቴሪያው ኦክስጅን ይተነፍሳል። መብራት ሲጠፋ በተዘጋ የሞተር ሳጥን ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ያንን የተበላሸ ውሃ ወደ ዓሣው ይተፋዋል። ስፖንጁ ግን ገንዳው ውስጥ ክፍት ስለሆነ ከውሃው ጋር ይተርፋል። ከዚያም በላይ አረፋው ደጋ ላይ የሚጎድለውን ኦክስጅን ያመጣል።

ፓምፑ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ወይም ቱቦው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ይግባ። ታች የተቀመጠ ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ውሃውን በቱቦው ስቦ ሳሎን ላይ ያፈሳል። ስፖንጁ በወር አንዴ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ይጨመቅ፤ የቧንቧ ውሃ ባክቴሪያውን ያጥበዋል።

ገንዳው እስኪበስል፦ ሦስት መንገድ

አዲስ ዓሣ በመጀመሪያው ወር የሚሞተው በአብዛኛው በበሽታ አይደለም። ዓሣው በስንጥቡ (ጉንጩ ሥር ባለው መተንፈሻው) እና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ የመጨረሻው በሳምንታዊ ውሃ ቅየራ ይወጣል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም፤ ገንዳ በሰለ የሚባለው እነሱ ሲበዙበት ነው። 25 ዲግሪ አካባቢ ለመብዛት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ 18 ዲግሪ ላይ ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 10 ዲግሪ ላይ ከማንቀላፋት አይሻሉም።

ቅዝቃዜ ግን አንድ ምሕረት አለው። አሞኒያ የሚገድለው መርዛማው ክፍሉ ሲበዛ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8 በሆነ ውሃ 15 ዲግሪ ላይ መርዛማው ድርሻ 2.7 በመቶ ነው፤ 28 ዲግሪ ላይ 6.5 በመቶ። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ገንዳው ቶሎ ይበስላል፣ ስህተት ግን ቶሎ ይገድላል፤ ደብረ ብርሃን ስህተትን ይታገሣል፣ ግን ለሦስት ወር ያህል ንቁ መሆን ይጠይቃል።

ከሦስቱ መንገዶች የመጀመሪያው ከቆየ ገንዳ የበሰለ ስፖንጅ ማግኘት ነው። ከሻጩ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ሲሠራ የቆየውን ስፖንጅ ይግዙ፤ አዲሱን ይተዉለት። በገንዳው ውሃ ርሶ፣ ሳይታፈን፣ በዚያው ቀን ከገባ ሳምንታትን ያሳጥራል። የታመመ ዓሣ ካለበት ገንዳ ግን አይወሰድ።

ሁለተኛው ያለ ዓሣ ማብሰል ነው። ገንዳው በውሃ፣ በማጣሪያና፣ ከተገኘ፣ በተዋሰ ማሞቂያ 26 ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመራል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ ሲታይ ማብሰሉ አልቋል። ለደጋ ጎልድፊሽ ገንዳም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ሲበስል ማሞቂያው በቀን አንድ አንድ ዲግሪ እየተቀነሰ ይወጣል። ከወረቀቱ መለኪያ ይልቅ የጠብታው ይሻላል፤ ብዙዎቹ የወረቀት መለኪያዎች አሞኒያን አያሳዩም።

ሦስተኛው፣ ትዕግሥት ላጣ ሰው፣ ከዓሣ ጋር ማብሰል ነው። ከሁለት ዓሣ አይብለጥ። በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ምግብ ብቻ። በየቀኑ ሩብ ውሃ ይቀየር፤ አሞኒያ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ካለፈ ግማሹ። መለኪያ ከሌለ ይህን መንገድ አንመክርም። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ደግሞ በየትኛውም መንገድ አይገባም፤ ዓሣው ይበላዋል፣ ግን የተረፈው ውሃውን በአንድ ሌሊት ያበላሻል።

የትኛው ውሃ?

የቧንቧ ውሃ ከፍተው በሰፊ ባልዲ 24 ሰዓት ካቆዩት ክሎሪኑ ይወጣል፤ ሽታው በበረታበት ሰሞን 48 ያድርጉት። በጀሪካን ተከድኖ የተቀመጠ አይቆጠርም። ለመጠጥ «ውሃ አጋር» የተባለው ማከሚያ የተጨመረበት ጀሪካን ወደ ገንዳው በፍጹም አይገልበጥ፤ እሱም ክሎሪን ነው። የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅን ሊያንሰው ስለሚችል በአየር ፓምፕ ሲናጥ ይደር። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ዚንክ ይዞ ይመጣልና ይተዉት።

የሚቀየረው ውሃ ከገንዳው ከሁለት ዲግሪ በላይ መለየት የለበትም። ሞቃት ገንዳ ያለው የደጋ ሰው እንዲህ ይደባልቅ፦ 12 ዲግሪ የሆነ 10 ሊትር ላይ የፈላ 2 ሊትር ሲጨመር 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ታስቦ ነው። መደባለቁ ባልዲው ውስጥ ይሁን፣ በቴርሞሜትር ተረጋግጦ ይግባ።

ለቆላው ሰው ሌላ ጠላት አለ። የወባ ኬሚካል ቤት ውስጥ ሲረጭ ገንዳው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፓምፑ ይጥፋ፤ ከተቻለ ዓሣው በባልዲ ሌላ ቤት ይደር። የነፍሳት ስፕሬይም እንዲሁ። ያረጀ አጎበር ቆርጦ ለክዳን ወይም ለዓሣ ማጥመጃ መረብ መጠቀም በተለይ ክልክል ነው፤ አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ለሰው ቀላል፣ ለዓሣ ገዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ማምጣት

ፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሲሶው አየር ይሁን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነውና ችግር የለውም። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሆን ግን መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያ በፌስታሉ ውስጥ ያለው አየር ዐሥር በመቶ ገደማ ይነፋል። አዲስ አበባ ላይ ተወጥሮ የታሰረ ፌስታል ቋጠሮው ይለቃል፣ ስለዚህ ላላ ብሎ ይታሰር፤ ድርብ ፌስታልም ይሁን። በፎም ሣጥን ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ እግርዎ ሥር እንጂ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን።

ሲደርሱ ፌስታሉን እንደታሰረ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፉ። ከፍተው በየአምስት ደቂቃው አንድ ኩባያ የገንዳ ውሃ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ዓሣውን በመረብ አውጥተው ያስገቡ፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ። መብራቱ ይጥፋ፣ እስከ ማግሥቱ ምግብ አይሰጠው።

ዓሣው ሲታመም

ላይ መጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ በመጀመሪያ አየሩንና ሙቀቱን ይመልከቱ። ሁለቱ ደኅና ሆነው ስንጥቡ ቀልቶ ከታየ አሞኒያ ይጠርጠር፤ ግማሽ ውሃ ወዲያው ይቀየር፣ ምግብ ለሁለት ቀን ይቁም። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ናይትራይት ነው፤ ከውሃ ቅየራው ጋር በሊትር 1 ግራም ጨው በተለየ ዕቃ ሟሙቶ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይገባል። በ55 ሊትር ይህ 55 ግራም ነው። ጨው ስለማይተን በኋላ የሚጨመረው በተቀየረው ውሃ ልክ ብቻ ነው።

ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ እንክብሉን ገንዳው ውስጥ መበተን በጣም የተለመደ ነው። በአሞኒያ የተመረዘን ዓሣ አይፈውስም፤ በስፖንጁ ላይ ያደገውን ባክቴሪያ ግን ሊፈጅ ይችላል። አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግማሽ ውሃ ይቀየርና ገንዳው እንደ አዲስ ተቆጥሮ በየቀኑ ሩብ ውሃ ወደሚቀየርበት ሥርዓት ይመለስ።